የሞተ ሳይኖር ቅሬ የጠራው ሰው

አያ ይማም ማረፉን የነገረችኝ እናቴ ናት። ስልኩን ያነሳሁት ደብረ ብርሃን፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሆኜ ነው። እናቴ መርዶ ስትናገር ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። «አያ ይማም አረፈ። ለዙህር ሶላት ይቀበራል፤ አትደርሽምና በከንቱ እንዳትሯሯጪ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልደረስኩም። በማግስቱ ሐይቅ ከተማ ገብቼ፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ መንደራችን ወጥቼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለ እሱ የየራሱን ሲያወራ ዋለ። እኔ የራሴን አላወራሁም፤ አፌ እምቢ አለኝ። እዚህ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

«አያ» የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። መንደሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። አንቱ ያለው ሰው ካለ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ እኔም እዚህ አንቱ አልለውም፤ ቢሰማኝ ይስቅብኛል።

ሥራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ዘበኛነት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ የማያወልቅ ሰው ነው። ሰው ሲያዳምጥ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ራሱ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህንንም አይደብቅም። «እኔ በሩን ነው የማውቀው፤ ውስጡን እናንተ ናችሁ የምታውቁት» ይለን ነበር።

ሌላም ሥራ ነበረው። የመንደሩ ቅሬ ጠሪ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የእኛ መንደር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለው። ሰው ሲሞት አያ ይማም ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ይወጣና «ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ይጣራል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይናገራል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ ይመጣል። ያለ ምክንያት የቀረ እንደሆነ ከቀብር መልስ ስሙ ተጠርቶ፣ ሰው ፊት ቆሞ ይወቀሳል። የአያ ይማም ድምፅ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ይሰማል ይባል ነበር፤ እሱም አላስተባበለም። «እኔ ያደግኩት አምባሰል ነው። እዚያ ጎረቤትህ ሌላ ተራራ ላይ ነው ያለው፤ ካልጮህክ ማን ይሰማሃል?» ይላል።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ከሁሉ የምንፈራው ግን ጥያቄውን ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣችንን ይዘን ከባጃጅ ስንወርድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሰላምታውን በደንብ ያደርሳል፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ምግቡ ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና «ዘንድሮ ምን ተማርሽ? እኔ በሚገባኝ ንገሪኝ» ይላል። በሚገባው መናገር ያቃተው ሰው ወዮለት። አንዱ ጓደኛችን፣ ኢንጂነሪንግ የሚማረው እንድሪስ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀ ሲያስረዳው ዝም ብሎ ሰማውና «እንግዲያ ገና መንገድ ላይ ነሃ! አብሽር፣ ትደርሳለህ» አለው። እንድሪስ እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሱበት ይቆጣል።

እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስለ ብልሃርዝያ ነገርኩት። ትሉ ሐይቁ ዳር ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመን ልጅ ቆዳ በስቶ እንደሚገባ፣ ሆዱ ውስጥ እንቁላል እየጣለ ደም እንደሚያስቀምጠው አስረዳሁት። የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠው።

«ያ ቀንድ አውጣ? እዚህ ሸምበቆው ሥር ያለው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ወላሂ ተምረሻል!» ብሎ ተነሳ። «ነይ ተነሽ።»

ሻንጣዬን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት በቀጥታ ሴቶቹ ልብስ ወደሚያጥቡበት ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደኝ። እናቴን ገና አልሳምኳትም። እዚያ እንደቆምኩ ያንኑ ነገር ለሴቶቹ አስደገመኝ። አንዷ ወዲያው ልጇን ጆሮውን ይዛ ከውሃው አወጣችው። የኔ በጎ ፈቃድ አገልግሎት የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ለኛ ሥራ ማበጀት ልማዱ ሆነ። እንድሪስ የትምህርት ቤቱን የዝናብ ውሃ መውረጃ አስተካከለ። ሕግ የምትማረው ጓደኛችን የመሬት ማስረጃ ወረቀታቸውን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ታነባለች። አያ ይማም መሃላችን እየተዘዋወረ፣ ያረፈደውን እንደ ድሮው በር ላይ ይጠብቃል። አንዳንዴ ይሰለቸን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስንማር ከርመን ክረምቱን መተኛት አምሮን ነበር፤ እሱ ግን እንቅልፍን እንደ በሽታ ነው የሚያየው።

ሰአዳ የመጣችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በሆንኩበት ክረምት ነው። አረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ መመለሷ ነበር። እኩያዬ ናት፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ጥቂት ዓመት ቤት ከዋለች በኋላ ነው የሄደችው። ስትመለስ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበር፤ ስለ እሱ ጠይቄያት አላውቅም፤ ነግራኝም አታውቅም። አባቷ አባ ሐሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከታች የሚያድጉ ልጆች አሉበት፣ ደላላውም በሳምንት ሁለቴ ይመላለስበታል።

አያ ይማም ሰአዳን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። «መማር» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱ ወደ አባቷ ሄዶ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አንድ ቃል ይዞ መጣ። ሰአዳ ሐይቅ ከተማ የማታ ትምህርት ትመዝገብ፣ በቀጣዩ ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተን። ካለፈች እዚሁ ትቀራለች። ከወደቀች ወይም ከሰነፈች ወደ አረብ አገር ትመለሳለች። አባ ሐሰን የተስማማው በዚህ ነው።

«ሒሳቡ አስቸግሯታል» አለኝ አያ ይማም። «አንቺ በሒሳብ ጎበዝ ነበርሽ። በሩ ላይ ሁኜ እሰማ ነበራ! በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጧት በሁለት ሰዓት።»

እሽ አልኩ። አምስት ሆነን ተከፋፈልን፤ እኔ ሒሳብ፣ እንድሪስ እንግሊዝኛ፣ ሌሎቹ የቀረውን። ሁለት ሳምንት በደንብ ሄደ። ሰአዳ ክፍልፋይ ሲገባት ጮክ ብላ ትስቃለች። «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ታዲያ ያኔ ለምን ገረፉን?» ትለኛለች።

ከዚያ ከተማ ውስጥ የክረምት በጎ ፈቃድ ፕሮግራም ተጀመረ። ቲሸርት ይሰጣል፤ ሲያልቅ ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ ሥራ ሲፈለግ ይጠቅማል ተባለ። እውነት ለመናገር እኔን የወሰደኝ ሰርተፊኬቱ ብቻ አልነበረም። ቲሸርቱ ያምራል፣ ጓደኞቼ አሉ፣ ችግኝ ተክለን ፎቶ እንነሳለን፣ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። የሰአዳ ቤት ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም። ጧት እየደወልኩ «ሰአዳዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም፣ ነገ» አልኳት። ነገ ሲደርስ ደግሞ ነገ አልኩ። አራቱም እንደኔው አደረጉ፤ እያንዳንዳችን ሌላው ይሄዳል ብለን ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ሰአዳ አንድም ቀን ምነው አላለችኝም። ጧት ጧት ደብተሯን ዘርግታ እስከ እኩለ ቀን ትጠብቀኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። አባቷም ያንን ያይ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ፓስፖርቷን ራሷ አውጥታ ለደላላው ሰጠችው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጧት ቤት ሆኜ ያንን ቲሸርት ሳጥብ የአያ ይማም ድምፅ ተሰማ።

«ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

እናቴ የያዘችውን ጣል አድርጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ከታች ከማሳው ወንዶቹ እየሮጡ ይወጣሉ። ሴቶች ገና ማን እንደሞተ ሳያውቁ እያለቀሱ ነው። እኔም እጄ አረፋ እንደያዘ ተከተልኩ። መንገድ ላይ እማማ ደስታ የሚባሉ አሮጊት ተደናቅፈው ወድቀው ክንዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ አየሁ። ሰው ደግፎ አመጣቸው።

ቋጥኙ ሥር ስንደርስ አያ ይማም የሟች ስም አልተናገረም። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቀ። የቅሬው ዳኛ አቶ ታደሰ «ማን ነው? ተናገር እንጂ!» አሉት።

«የሞተ የለም» አለ።

ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋርጠው ቀና ብለው አዩት።

«የሞተ የለም። ልትሄድብን ያለች ልጅ ግን አለች። የሐሰን ልጅ ሰአዳ ፓስፖርቷን ሰጥታለች። መማር ነበር የፈለገችው። አምስት ተማሪ አስተምርሻለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷት ነበር፤ አምስቱም ቀሩባት። እኔ ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የጠራኋችሁ። ሬሳ ለመሸከም አንድ ሰው ቢቀር ስሙን ጠርተን እንወቅሳለን። በሕይወት ያለችን ልጅ ለመያዝ አምስት ሰው ሲቀር የሚወቅስ የለም። ይኸ እንዴት ነው? አስረዱኝ፤ እኔ በሚገባኝ ንገሩኝ።»

ሰው ተቆጣ። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ነው። «ወየው ጉዴ፣ ልቤን አፈረስከው እኮ!» ትላለች አንዷ። አንዱ በሬዎቹን እንደተጠመዱ ትቶ መጥቷል። እማማ ደስታ ክንዳቸውን ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰአዳ ከሰዎቹ መሃል ቆማ ነበር፤ እሷም እንደኛው ለቀብር ወጥታ ነው። ግራ በገባው ድምፅ «እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?» አለች። አባቷ አቀርቅሮ መሬቱን ያያል።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። ምንም አላደረግሁም። ከእናቴ ጀርባ ተሸሸግሁ። «እኔ ነኝ፣ ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ነገር አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

የቅሬው ሽማግሌዎች እዚያው ተቀመጡ። አቶ ታደሰ ሲናገሩ ንዴት አልነበራቸውም። «ይማም፣ ያልከው ነገር እውነት ነው። ግን ድምፅህን እናምነው ነበር። ዛሬ በሐሰት ከተጠራን፣ ነገ እውነተኛው ሲመጣ ሰው ተጠራጥሮ ይዘገያል። ሬሳ ይጉላላል። አሮጊትም ወድቃብሃለች» አሉት። ጥሪው ከእሱ እንዲወሰድ ፈረዱ። አያ ይማም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማቸውና «ልክ ናችሁ» አለ። ከዚያ የቀረ ሰው ቆሞ በሚወቀስበት ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ «አፉ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አፉ አለው። ጥሪው ግን ተወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅሬ ጠሪያችን ሌላ ሰው ነው፤ ድምፁም እስከ ማዶ አይደርስም።

አያ ይማም ፍርዱን ተቀብሎ የሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም። እማማ ደስታን ወደ ወጌሻ ወሰዳቸው። ክንዳቸው እስኪድን ድረስ ውሃ የሚቀዳላቸው እሱ ሆነ። ወንድ ልጅ ከእነ ሽበቱ ጀሪካን ተሸክሞ ከሴቶች ጋር ሲሰለፍ የሳቁበት ነበሩ። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

 አባ ሐሰን ማክሰኞ ዕለት ሐይቅ ከተማ ወርዶ ፓስፖርቱን ከደላላው ተቀብሎ መጣ። ምን እንዳለው አልታወቀም። ለሰአዳ የሰጣት ቃል ግን ያው ነው፤ እስከ ሰኔ።

እኔ ሰኞውኑ በሁለት ሰዓት በራፏ ላይ ነበርኩ። ሰአዳ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሰርተፊኬትሽን ተቀበልሽ?» አለችኝ።

«ትቼዋለሁ።»

«ለምን ተውሽው? ፎቶሽን አይቸው ነበር፤ ቲሸርቱ ያምርብሻል» አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ «በይ፣ ያቆምንበት ገጽ ይኸውልሽ» ብላ ወደኔ ገፋችው። ያን ቀን ክፍልፋይ ስናካፍል ዓይኖቼ ደብተሩ ላይ ነበሩ፤ ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አምስታችን ተሰብስበን አንድ ደንብ አወጣን። ያልተመቸው ሰው ስልክ አይደውልም፤ በምትኩ ሰው ይልካል። ትምህርት ስንጀምር ደሴ የሚማሩት ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተፈራረቁ መጡ። እኔ ሩቅ ስለሆንኩ ሒሳቡን በድምፅ እየቀዳሁ በቴሌግራም ላኩላት። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ ተኝተው እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ «ሰአዳ፣ አሁን ሁለቱንም ወገን በሦስት አካፍይ» ስል ያዩኝ ሰዎች ጤንነቴን ተጠራጥረዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንት ያልፋል። እሷ ግን አንዱንም ልምምድ ሳትሠራ አትልክልኝም። አንዳንዴ ከበስተጀርባዋ የአያ ይማም ድምፅ ይሰማል፤ «እሱን ድገሚው፣ እኔም አልገባኝም» ይላታል።

ሰኔ ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ እኔ ገና ካምፓስ ነበርኩ፤ አልፋለች። በስንት እንዳለፈች ቁጥሩን አልናገርም፤ በጭንቅ ነው፣ ግን አልፋለች። ዛሬ ሰአዳ እዚያው ቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ስለ ቀንድ አውጣው ለሴቶቹ የምትነግረው እሷ ሆናለች። አባ ሐሰን ስለ ልጁ ማውራት ከጀመረ ቶሎ አይለቃችሁም።

እኔ ጋ ላብራቶሪ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ። አገራቸው ሲመለሱ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ እጠይቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ፕሮግራም ሲኖር እንደሚመዘገቡ ይነግሩኛል። እኔም ተመዝግቤ እንደነበር እነግራቸውና ይህን ታሪክ አወራላቸዋለሁ። ችግኙም መልካም ነው፣ ተክያለሁ፤ ግን ስማችሁን የምታውቅ አንዲት ሰው ደብተር ዘርግታ እየጠበቀቻችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሷ ጋ ሂዱ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ስልካቸውን ያያሉ። አልፈርድባቸውም።

ሰአዳ ባለፈችበት ክረምት ወደ ቤት ስመለስ የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍት ተሸክሜ ነበር። በማግስቱ ጧት ወደ ሰአዳ ቤት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ሦስት ልጃገረዶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። ሦስቱም ለአረብ አገር ሲዘጋጁ የነበሩ ናቸው። ሰአዳ በካርቶን ላይ ክፍልፋይ እየጻፈች ታስረዳቸዋለች። አየችኝና ንግግሯን ሳታቋርጥ በእጇ «ቁጭ በይ» አለችኝ። ከልጆቹ አጠገብ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የምትለው ሁሉ የኔ አነጋገር ነበር፤ ያኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ የቀዳሁት።

ስወጣ አያ ይማም ደጅ ላይ ነበር። እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር ይጠግናል። ጥሪው ከተወሰደበት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ዓመት ሁለት ሰው ሞቶ ሲጠራ፣ እሱ እንደ ማንም ሰው ከቤቱ እየወጣ መሄዱን እናቴ ነግራኛለች። ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ አወጣሁት።

«አያ፣ አፉ በለኝ» አልኩት። «ያን ቀን ዝም አልኩ። አንተ ቆመህ እኔ ተደበቅሁ። ጥሪህን የወሰዱብህ በኔ ምክንያት ነው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባዬን እስክጠርግ ጠበቀኝ።

«አሏህ አፉ ይበልሽ፣ እኔማ ድሮ ብየሻለሁ» አለ። «ይልቅ ውስጥ ያሉት ልጆች ሦስት ናቸው። ሰአዳ አንድ ናት፤ እሷም ማታ ማታ ትማራለች። ነገ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

«በሁለት ሰዓት።»

«እሽ» ብሎ መዶሻውን አነሳ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። እሱ ቀድሞኝ መጥቶ፣ እንደ ድሮው፣ የሰአዳ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።